ሁለት ፋሲካ በአንድ እሑድ

ቆንጂትን ያንገበገባት የሆቴሉ አለቃዋ ፊሊፕ ለፋሲካ እንድትቀር ስትጠይቀው «አይሆንም» ማለቱ አልነበረም። አይሆንም የሚል አለቃ ሞልቷል። ያንገበገባት ጥያቄው ነው።

«ፋሲካችሁን ዘንድሮ ወደ ሌላ ሳምንት ልትገፉት አትችሉም? ሁልጊዜ ትገፉት የለም እንዴ?» አላት በስልክ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይመስል።

ኦስሎ፣ ቢየርቪካ ሰፈር ውስጥ የምታጸዳው የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ኮሪደር ላይ መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰውየው እሷና የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች፣ ጌታ የተነሣበትን ቀን ለሆቴል እንግዶች ምቾት ሲሉ ወዲህና ወዲያ ሲያንቀሳቅሱት የኖሩ መስሎታል።

ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። ቆንጂት በስደት ኖርዌይ ስትገባ የተመደበችው ኦስሎ ሳይሆን ቪንተርሊ ነበር። ቪንተርሊ ከኦስሎ በባቡር ግማሽ ቀን የምታስኬድ፣ በተራሮች መካከል የተወሸቀች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ የቀረው ሁሉ የስኪ ማከራያ። በበረዶው ወራት ሰው ከተራራው አናት በስኪ ቁልቁል ይወረወራል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ያው ሰው ሻንጣ አዝሎ፣ ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ ምልክት እየተከተለ ሽቅብ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ማንም ሳያባርረው ነው። ቆንጂት በሕይወቷ ተራራ የተሻገረችው ወታደር ሸሽታ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሰሞን እነዚህን ሰዎች እያየች ታማትብ ነበር።

ሥራ ያገኘችው በከተማዋ ትልቅ ሆቴል፣ ክፍል አጽጂ ሆና ነው። ልጇ ማዕዶትም እዚያው ተወለደች፤ በእግሯ መሄድና በስኪ መንሸራተት የለመደችው በአንድ ዓመት ነው። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ ቆንጂት ወደ ኦስሎ ወረደች፤ ቅዳሴ ናፍቋት ነበር። ሆቴሉ ግን ሥራ ሲበዛበት እየጠራ አልለቀቃትም፤ እሷም ሆቴሉን አልለቀቀችም። የአገሩን የመጀመሪያ እንጀራ የበላችበት ቤት ነውና ይሉኝታ ያዛት።

ኖርዌጂያኖች በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ብርቱካንና ቸኮሌት ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ተደግፈው ፊታቸውን ያስጠብሳሉ። በዚያ ሳምንት ቪንተርሊ እግር መጣያ የላትም። ሆቴሉ ሲሞላ ታዲያ ሠራተኞቹም ባለ ፋሲካ ናቸውና መቅረት ይፈልጋሉ። የቆንጂት ፋሲካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እናም ስምምነት ተደረገ፤ የእነሱን ፋሲካ እሷ ትሠራለች፣ የእሷ ሲደርስ እነሱ ነፃ ያደርጓታል።

በየዓመቱ ከቢየርቪካው ሥራዋ ፈቃድ እየወሰደች ወደ ቪንተርሊ ወጣች። በሁዳዴ፣ በባዶ ሆዷ፣ የሰው ቁርስ እየሸተታት፣ የስኪ ሰም የተለጠፈበት ምንጣፍ ስትፈገፍግ ከረመች። ፊሊፕም «አንቺ ፋሲካ የሌለሽ መሆንሽ ለእኛ በረከት ነው» ይላት ነበር፣ ማመስገኑ ነው። አንድ ዓመት እንዲያውም ሁለቱ ፋሲካዎች ገጥመው ነበር። ያኔ ትንፍሽ አላለችም፤ የአንሶላ መጋዘን ውስጥ ቆማ በአንድ የተቀቀለ እንቁላል ጾሟን ፈታች።

ዘንድሮ እንደገና ገጠሙ። ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ማዕዶት አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ቀስ በቀስ ስትርቅ ቆንጂት እያየች፣ ብትቆጣ ጨርሳ እንዳትሄድ ፈርታ ዝም ብላ ነበር። ጾሙ ሊገባ ሲል ልጅቷ በገዛ አፏ፦ «ማማ፣ ዘንድሮ እስከ መጨረሻው አብሬሽ እጾማለሁ። ቤታችን ቁጭ ብለን አብረን እንፈታዋለን» አለቻት። ቆንጂት ሳምንትም የምትዘልቅ አልመሰላትም። ልጅቷ ግን ዘለቀች። ጓደኞቿ ፒዛ ሲገምጡ እሷ ሽምብራዋን በሣህን ይዛ ተቀመጠች። አንድ ፋሲካ ቢያልፍ ሌላ ይመጣል ይባል ይሆናል። ይህች ልጅ ግን ሁለተኛ እንደማትጠይቃት የቆንጂት ልብ ያውቀዋል።

ፊሊፕ በስልክ እንዲያ ካላት በኋላ፣ ትተካኝ እንደሁ ብላ መጀመሪያ የደወለችው ለኤማ ነው። ኤማም የሆቴሉ ክፍል አጽጂ ናት፤ ስንት ፋሲካ ቆንጂት ተተክታላት ቤተሰቧ ዘንድ ስትሄድ የኖረች። «ወይኔ ቆንጂት፣ እኛ እኮ ሂተ ልንወጣ ነው፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙት ነው» አለቻት። ሂተ የሚሉት የተራራ ጎጆአቸውን ነው። ቆንጂትም ልጅ እንዳላት ለኤማ ትዝ አላላትም።

ቀጥሎ ፊሊፕ ራሱ ለጉዳይ ኦስሎ ወረደና ማዮርስቱን ሰፈር አንድ ካፌ ቀጠራት። ደርሳ ስትቀመጥ አስቀድሞ አዝዞላት አገኘችው፤ ወተት የሞላ ማኪያቶና ቅቤ የጠጣ ዳቦ። ስንት ዓመት በጾም አብሯት የሠራ ሰው።

«ስምምነት አለን» አላት።

«አለን። የእናንተን ስሸፍን ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ እናንተ ሸፍኑልኝ።»

«ሆቴሉ እኮ ሙሉ ነው። በአንቺ ፋሲካ ሁልጊዜ ነፃ አድርገንሻል፤ አንድም ቀን ከልክለንሽ አናውቅም።»

ይሄኔ ነው ነገሩ የበራላት። የእነሱ ፋሲካ ባለፈ ማግስት ሆቴሉ በሩን ይዘጋል። በረዶው አልቆ፣ የእግር ተጓዦቹ ሳይመጡ፣ ቪንተርሊ ጭቃ ብቻ በምትሆንበት ጊዜ ማን ይመጣና? አስተናጋጁም፣ ወጥ ቤቱም፣ ፊሊፕም ያኔ ቤታቸው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥራ አንገቷን ደፍታ ስታመሰግንበት የኖረችው ፈቃድ፣ ማንም ሳይሰጣት የነበራት ነው።

«ፊሊፕ፣ በእኔ ፋሲካ ሆቴሉ ዝግ ነው» አለችው። «ታዲያ ምን ነበር የሰጣችሁኝ?»

ፊሊፕ ቡናውን በማንኪያ አማሰለ። «ለሚመጣው ዓመት ቦታሽን ላረጋግጥልሽ አልችልም። አስቢበት።»

«እሺ፣ አስብበታለሁ» አለች ቆንጂት።

ምን ቃል ከአፏ እንደወጣ ያወቀችው ባቡር ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ነው። የሚያስብ ምን አለ? እስከ ቤቷ ድረስ አንጀት የሚያርስ መልስ ሲመጣላት ሄደ፣ ሰውየው በሌለበት። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ አልደወለችም። አለመሄድ ራሱ መልስ ነው ብላ ተወችው።

በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑን የሚያከራዩአቸው ሰዎችም የራሳቸው በዓል ስለሆነ ሕንጻውን ለራሳቸው ፈለጉትና፣ ስግደቱ ወደ አንድ የስፖርት አዳራሽ ተዛወረ። ቆንጂት ስልኳን ዘግታ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ በታች ከሕዝቡ ጋር ስትወድቅ ስትነሣ ዋለች። ማዕዶት ጠዋቱን አብራት ሰግዳ፣ የቤቱን ሥራ ልጨርስልሽ ብላ ቀድማ ሄዳ ነበር። አመሻሽ ላይ ቆንጂት ቤት ስትገባ፣ ልጅቷን አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ስታጣጥፍ አገኘቻት።

«ፊሊፕ ደውሎልኝ ነበር» አለች ማዕዶት። «አንቺ ስልክ አታነሺም አለ። በአንቺ ቦታ እኔ እንድሄድ ጠየቀኝ፣ ነገ በመጀመሪያው ባቡር። ቦታሽን እንዳታጪ ብዬ እሺ አልኩት።»

ቆንጂት ደሟ ፈላ። እሷን ሲያጣ ወደ ልጇ። «ማን እሺ በይ አለሽ? ይህን ሁሉ ጾመሽ፣ በስቅለት ቀን፣ ለዚያ ሰውዬ እሺ ማለትን ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ» አለች ማዕዶት፣ ሳትቆጣ። «‹እሺ ይበልጣል ከሺ› እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? አንቺ ለፊሊፕ ኔይ፣ አይሆንም፣ ስትይ ሰምቼ አላውቅም። የሚቻልም አይመስለኝም ነበር።»

ቆንጂት የፊሊፕንም የኤማንም በደል ስትቆጥር ሰንብታለች፤ ይህኛው ግን ከገዛ ቤቷ የወጣ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን ከፍታ ደወለች።

«ቆንጂት! ማዕዶት ነገረችሽ? ጎበዝ ልጅ ናት ያለችሽ» አለ ፊሊፕ ደስ ብሎት።

«ኔይ» አለችው። «እሷም አትመጣም፣ እኔም አልመጣም።»

ፊሊፕ ሁልጊዜ ከአፏ የሚከተለውን ይቅርታና ምክንያት ጠበቀ። ወገቤን አሞኛል የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ደህና እደር ብላ ዘጋች።

ማዕዶት ያጣጠፈችውን ሹራብ እንደያዘች አየቻት። «በቃ? ይቺን ያህል ናት?»

«ይቺን ያህል ናት» አለች ቆንጂት፤ ያቺን ቃል አለማለቷ ስንት ፋሲካ እንደበላባትም ስታስበው ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሣ።