አትጠገብ ያዞረችው ሽንት ቤት

አትጠገብ ከኩታበር ወርዳ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሽንት ቤት ጠራጊ ሆና ስትቀጠር፣ ዘመዶቿ አፍረው ለሰው "ቀበሌ ገብታለች" ነበር የሚሉት። እሷ ግን አላፈረችም። ባሏ ሞቶ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሬዎቿ አልቀው፣ ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች ሴት በምን ወገቧ ሥራ ታማርጣለች? መጥረጊያውን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው።

ሽንት ቤቱ አዲስ ነበር። አራት ክፍል፣ አራት የቆርቆሮ በር፣ በየክፍሉ ሁለት የሲሚንቶ እግር መርገጫ። ችግሩ የሚገባበት ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ከባቲ ወይም ከሐርቡ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር አብዛኛው ተሳፋሪ በሩ ድረስ ይመጣና ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ወደ ግንቡ ጀርባ ይዞራል። ክረምት ነበርና ዝናቡ ያንን ሁሉ እያጠበ ወደ ቦርከና ይሰደዋል፤ ከታች ደግሞ ሰው ከወንዙ ይጠጣል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንየው ነገሩን ሳያጣራ ፈረደ። "ቤቱን በደንብ ስለማታጸጂ ነው። እስከ አብዮት በዓል ድረስ ጀርባው ካልጸዳ ቤቱን መጋዘን እናደርገዋለን፤ አንቺም ወደ መጣሽበት ትሄጃለሽ" አላት።

ይህ ቃል አንገበገባት። በአመድ ፈተገች፣ ኖራ ቀባች፣ ወለሉን ጋቢ ቢነጠፍበት እስከማያሳፍር ድረስ አጸዳች። ሰው ግን አሁንም አየት አድርጎ ይዞራል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሲመለሱ ስታይ ትዕግሥቷ አለቀና መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ወደሚሸጡት ወደ እመት ሐዋ ሄደች።

"እመት፣ ምኑ ነው የሚቀፋቸው? እባክዎ ይንገሩኝ።"

"ምኑም አይቀፍም የኔ ዓለም። ወላሂ ከኔ ቤት ይጸዳል" አሉ እመት ሐዋ። "ግን እዚያ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ለቂብላ ነው። ወደምንሰግድበት ዞረን እንዴት እንጸዳዳለን? ላንቺ መንገሩ ደግሞ አሳፈረን።"

አትጠገብ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ጎረቤቶቿ ወደ ሰሜን ዞረው ሲሰግዱ ዕድሜዋን ሙሉ አይታለች፤ ከሽንት ቤት ጋር ማገናኘቱ ግን አልመጣላትም። ቤቱን ለሠራው ለግንበኛው ለስማቸውም አልመጣለትም ነበር።

"መርገጫዎቹን አዙርልኝ" አለችው ግንበኛውን።

"ያለ ቀበሌ ወረቀት የመንግሥት ግንብ አልነካም" አላት። መሮና መዶሻውን፣ ከራሱ ቤት ሥራ የተረፈውንም ሲሚንቶ ግን ሰጣት፤ እንዴት እንደሚቦካም አሳያት።

በዓሉ ስድስት ቀን ነበር የቀረው፣ ወረቀት ለመጠበቅ ጊዜ የላትም። በቀን አንድ ክፍል እየዘጋች መርገጫውን ፈለቀቀችና ተቀማጩ ወደ ጎን ግድግዳ እንዲዞር አድርጋ ተከለችው። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። በየክፍሉም የመታጠቢያ ውኃ በጣሳ አስቀመጠች።

በዋዜማው ጓድ እንየው መጣ። ያየውን ማመን አቃተው።

"ማን ፈቀደልሽ? ያፈረስሽው የመንግሥት ንብረት ነው። ዛሬውኑ ወደነበረበት መልሺ።"

በዚያው ሰዓት የወልድያ አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹን አራግፎ፣ እመት ሐዋ "ግቡ፣ ዞሯል" እያሉ ይጣሩ ነበር። አራቱም በር ላይ ሰው ተሰለፈ። ወደ ግንቡ ጀርባ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም።

አትጠገብ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ዘረጋችለት።

"ይኸውልዎ ቁልፉ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ አልመልሰውም። እርስዎ ካስመለሱት ግን ከነገ ጀምሮ ጀርባውን የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት።"

እንየው ሰልፉን አየ፤ ቁልፉን የያዘውን የቆሰለ መዳፏንም አየ። እጁን ሊዘረጋ ግን አልደፈረም። ከሰልፉ መሐል አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ እዚህኛው ጋ ውኃ አልቋል" አሏት። እሷም ቁልፉን መቀነቷ ላይ መልሳ ቋጠረችና ውኃ ልትቀዳ ሄደች።