ከሞቱ በኋላ ድልድይ የመረቁት ደጃዝማች

ሰው ሁሉ ጥቁሩን ስክሪን ሲያይ ኮምፒውተሬ የተበላሸ ይመስለው ነበር። ሥዕል የለ፣ የሚጫኑት ነገር የለ፤ ትዕዛዙም በፊደል፣ መልሱም በፊደል። እኔ ግን ወደድኩት፤ ማንም ምን ይበል።

የካ ዳገቱ ላይ በተከራየሁት ክፍል ከእንጦጦ የሚወርድ ብርድ እንጂ ኢንተርኔት አይገባም ነበር። ስለዚህ የአማርኛውን የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ እንዳለ ኮተቤ ካለ ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ገልብጬ አመጣሁት። የመመረቂያ ጥናቴ ጽሑፎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ መፈተሽ ነበር። በአንድ መስመር ትዕዛዝ የሰዎቹን የሞት ዓመት አወጣሁ፤ በሌላው ደግሞ ሠሩት የተባለውን ሥራ ዓመት። ከዚያ ሁለቱን አስተያየሁ።

ጉድ ፈላ። አንድ ደጃዝማች ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ድልድይ መርቀዋል! ብቻዬን ሳቅሁ። ጸሐፊው የድልድዩን ዓመት ከፈረንጅ መጽሐፍ ቀድቶ ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይመልሰው ቀርቷል። ይህንኑ በጥናቴ ውስጥ አሰፈርኩት።

አማካሪዬ፣ አንጋፋ መምህር፣ ገጹን አንብበው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማሽንሽ ተሳስቷል። ይህችን መስመር አውጫት።»

«መምህር፣ ማሽኑ የተጻፈውን ነው ያነበበው። ከፈለጉ አሁኑኑ ላሳይዎት።»

«የድልድዩን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ!» ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱት። «አንቺ ትናንት የመጣሽ ልጅ ልታርሚኝ ነው?»

አልዋሽም፣ ፈራሁ። እሳቸው ካልፈረሙ ምርቃት የለም። እሺ ብል በዚያው ያልቅ ነበር። ግን እኔም ነገ አስተማሪ ልሆን ነው፤ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ደብቄ ልጆች ፊት በየትኛው ዓይኔ እቆማለሁ? ተናደድኩ፤ ንዴቱ ፍርሃቴን በለጠው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወጣትም። እርስዎ ጽሑፉን ሲያርሙ ያን ጊዜ ከማሽኑ ዝርዝር ራሷ ትወጣለች።»

እስክሪብቷቸውን አነሱ። ፈረሙ፤ ከፊርማቸው በላይ ግን ውጤቴን «ሲ» ብለው ጻፉ። ጓደኞቼ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቃቸው መከሩኝ። አልሄድኩም።

በሚቀጥለው ወር አዲሱን ቅጂ ከኮተቤ አምጥቼ ያንኑ ትዕዛዝ ደገምኩት። ያቺ መስመር የለችም። መምህሩ ድልድያቸውን አርመዋል። የእኔን «ሲ» ግን አላረሙም።