ከየኔሰው ሥጋ የጎደለው ፕሮቲን

ጸደንያ ሞጣ ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቤተሰቦቿ ቢቸና ናቸው፤ አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው፣ ታናሽ ወንድሟ የኔሰው ደግሞ ዲያቆን። የኔሰው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ ዳገት መውጣት አቃተው፤ ቀጥሎ ቅዳሴ መቆም። ጠበሉም ተሞከረ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ወስዳ አስመረመረችው። የደሙ ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ "ጡንቻውን የሚያጸናውን አንድ ፕሮቲን ሰውነቱ አይሠራም። በዘር የሚመጣ ነው፤ የሚያድነው መድኃኒት የለንም" አላት።

ቢቸና ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። የፕሮቲኑንም ሥዕል በስልኳ አሳየቻቸው። መሪጌታ የተጠማዘዘውን ነገር አተኩረው አዩና፣ "በዓይን የማይታየውን ማን አይቶ ሣለው?" አሉ።

ይህን እንኳ ታውቃለች። "አባዬ፣ ፕሮቲኑን አጥርተው ውሃ ውስጥ ያሟሙታል። ውሃው ቀስ እያለ ሲቀንስ እንደ ጨው ይረጋል፤ ራጅ ሲለቁበት ጨረሩ ተበትኖ ነጠብጣብ ይተዋል። ከነጠብጣቡ ተነስተው በሒሳብ ቅርጹን ያወጡታል።"

"አልረጋ ካለስ?"

"እሱን በስስ ውሃ ውስጥ በቅጽበት አቀዝቅዘው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ያነሱታል። አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በጀርባው ተኝቶ ይገኛል። ፎቶው ብዥ ያለ ነው፤ ኮምፒውተር እልፉን አንድ ላይ ሲደምረው ግን የት እንደሚታጠፍ ሁሉ ይታያል።"

የመሪጌታ ፊት በራ። "እንዲህ ካወቁትማ ይጠግኑታላ!"

"ማወቁ ሌላ ነው፣ አባዬ። በየጡንቻው አስገብቶ መተካቱን ገና እየሞከሩት ነው። ለየኔሰው የሚሆን የለም።"

"የት እንደሚታጠፍ እንኳ አውቀው?"

ጸደንያ ምነው አሳምሬ ባላስረዳኋቸው ብላ ተጸጸተች። የኔሰው ከተኛበት መደብ፣ "ይተዋት አባዬ፤ እሷ ምን ታድርግ?" አለ።

ሞጣ ከተመለሰች በኋላ አባቷ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይደውሉላት ነበር። "መድኃኒቱን የሚሞክሩት ሰዎች የት ደረሱ?"

"ገና ናቸው።"

ለፋሲካ ስትመጣ የኔሰው ኩባያ ማንሳት አቅቶታል። መሪጌታ ስለ ሰዎቹ አልጠየቋትም። ልጃቸውን ሊያጥቡት ከብብቱ ሥር እጃቸውን አስገብተው ቆሙ።

"በየት በኩል ብይዘው ነው የማያመው?" አሏት።

ይህንንም አላወቀችም። ፎጣውን እንደያዘች ቆመች።

"ትንሽ ዝቅ አድርገው ይያዙኝ" አለ የኔሰው።