የእናቴ ስልክ እንዳይጠገን

እናቴ ስታርፍ ስልኳ ታሞ ነበር። እሷን ቀጨኔ መድኃኔዓለም ቀበርናት፤ ስልኩ ግን አልጋዋ ራስጌ እንደተቀመጠ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን እያጠፋ፣ እየተንቀጠቀጠም መልሶ እየበራ ቀጠለ። ለቀስተኛው መሀል ድርግም ይላል፤ ደግሞ ብልጭ ይላል። የሚያጠፋው ሰው አላስፈለገውም።

ስልኩን የላከችላት አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። አሠሪዎቿ እሑድ ከሰዓት ከቤት ሲወጡ ለእናቷ ትደውላለች፤ በሌላ ቀን ስልክ መያዝ አይፈቀድላትም። የእናታችንን መሞት አልነገርናትም። «አልነገርናትም» ስል እኔም አለሁበት፤ ፍርዱ ግን የአክስቴ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቤታቸው ቁስቋም ነው። ድንኳኑ ሳይፈርስ ዘመዶቻችንን ጓዳ ሰበሰቡና «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ አጠገቧ ሆኖ ነው። እዚያ ማን አላት? በሰው ኩሽና ብቻዋን ቆማ ሰምታ ራሷን ብትጎዳስ? ውሏን ጨርሳ ስትመጣ እዚሁ እንነግራታለን አሉ። ዘመድ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ራስ በመነቅነቅ የእኛን ዘመዶች የሚያህል የለም። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ለአክስቴ ጥያቄ መልስ ማጣቴ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ስልኩ ሲጠራ አባቴ አነሣው። የተመከረበት ውሸት «እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብታለች» የሚል ነበር። አባቴ በዕድሜው ሙሉ አንድ ውሸት አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም። እህቴ ሰላምታዋን ሳትጨርስ «አባዬ፣ እማዬን ስጠኝ» አለችው። አፉን ከፈተ፤ ምንም ሳይወጣው ስልኩ ድርግም አለ። አክስቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው አማተቡ።

«አያችሁ? እግዚአብሔር ራሱ አጠፋላችሁ» አሉ።

ለእናቴ ኩላሊት ጊዜ ያጣ አምላክ ለባትሪ ጊዜ ማግኘቱ አልገባኝም። ይህንኑም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አክስቴ ሳያናግሩኝ ሰነበቱ፤ እኔም አልከፋኝም።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ያው ሆነ። ስልኩ ይጠራል፤ አባቴ ያነሣል፤ «ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» ይላል። እሷ «እማዬስ?» ስትል ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ መጥፋቱን ይጠብቃል። ስልኩም አላሳፈረውም። ሰው ስልኩ እንዲሠራለት ይሳላል፤ የእኛ ቤት ሰው እንዳይሠራ ይሳል ጀመር። አንድ እሑድ አክስቴ ቻርጀሩን ከግድግዳው ሲነቅሉ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። «ሞቆ እንዳይፈነዳ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

እኔ ግን ላሠራው ቆረጥኩ። ስልኩ ቢድን ውሸቱ መደበቂያ ያጣል፤ ያኔ እነዚህ ሽማግሌ ተብዬዎች ወይ ይነግሯታል ወይ ጆሮዋ እየሰማ ይዋሻሉ ብዬ ነው። መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩ። ሲም ካርዱን አወጣሁ፤ ያው መጥፋት ነው። ሚሞሪውን አወጣሁ፤ ያው ነው። ሽፋኑ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖት ይሆናል ብዬ ገፈፍኩት፤ ያው ነው። ሞልቶ ተጨናንቆ እንደሆነ ብዬ ደግሞ መሰረዝ ጀመርኩ። በመብራቱና በመጥፋቱ መሀል ባለችው ጊዜ የቻልኩትን እሰርዛለሁ፤ ሲጠፋ እየተሳደብኩ እጠብቃለሁ። ስልኩን የሞላው ዘመድ በየበዓሉ የላከላት የአበባና የሻማ ሥዕል ነው። «እንኳን አደረሰሽ» የሚል ጽጌረዳ፣ «ደኅና እደሪ» የሚል ጨረቃ። ያን ሁሉ አበባ የላከ ዘመድ፣ ታማ ተኝታ ሳለች በእግሩ መጥቶ የጠየቃት ከስንት አንዱ ነው። እየረገምኩ አጠፋሁላቸው። ስልኩ ግን አልዳነም።

ይዤው አዲሱ ገበያ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሠሪ ጆሮው ላይ ማዳመጫ እንደሰካ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየና «ቦርዱ ነው» አለኝ።

«ሳትከፍተው በምን አወቅክ?»

«እህት፣ ስንቱን አይተናል። ቦርዱ ነው፤ በቃ ጣይው። አሪፍ አሪፍ ስልክ አለኝ፣ ላሳይሽ?»

ቀበሌ ሲኬድ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ስልክ ሠሪ ዘንድ ደግሞ «ቦርዱ ነው»። ሁለቱም ሰውን ከመስኮት ለማባረር የተፈጠሩ ቃላት ናቸው። በሆዴ ውሸታም ብዬው ወጣሁ።

ሁለተኛው ቢያንስ ከፈተው። የኋላውን ክዳን ሲያነሣ ባትሪው እንደ ፊኛ ሆዱን ነፍቶ ታየ። «ባትሪው አብጧል፤ ሌላ ምንም አልሆነም» አለና ከመሳቢያው ሌላ ባትሪ አውጥቶ ለሙከራ ገጠመለት። ስልኩ በራ። ስክሪኑ ላይ እናቴ የለጠፈችው የእህቴ ፎቶ አለ፤ ልትሄድ ስትል አውሮፕላን ጣቢያ የተነሣችው፣ አዲስ ሹራብ ለብሳ። እስከ ዛሬ ያን ፎቶ ደኅና አድርጌ አይቼው አላውቅም፤ ሳላየው ይጠፋል። አሁን አልጠፋም። ሠሪው የሌላ ሰው ስልክ አነሣ፣ ሠራ፣ ሰጠ፤ እህቴ አሁንም እያየችኝ ነው።

«ልቀይረው?» አለኝ።

አዎ ለማለት ነበር የመጣሁት። ግን እሑድ ታየኝ። ስልኩ ይጠራል፣ አይጠፋም። አባቴ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። አክስቴ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ስልኩ ዞሮ ዞሮ እኔ እጅ ይወድቃል፤ እኔ ደግሞ ለስድብ እንጂ ለመርዶ የሚሆን አፍ የለኝም።

«ይቆይ» አልኩት።

«ምነው? ቀላል እኮ ነው፤ አሁን ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

«ይቆይ አልኩህ፤ አሮጌውን ባትሪ መልስልኝ።»

እያበድኩ እንደሆነ ሁሉ አየኝና መለሰልኝ። የቀጨኔን ዳገት ስወጣ ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ቤት ራስጌው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። አክስቴ ዓይን ዓይኔን አዩኝና ቡና ቀዱልኝ። ያ ቡናቸው ከፍርዳቸው ይልቅ አንገበገበኝ።

በሳምንቱ እሑድ እህቴ በእኔ ስልክ ደወለች።

«የእማዬ ስልክ እያወራን ይጠፋል፤ አላሠራሽውም?»

«ቦርዱ ነው አሉ» አልኳት። እንዲህ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«እሷስ? የት ሄዳ ነው የማላገኛት?»

«እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብታለች፤ ተሽሏታል። በቅርቡ ትመለሳለች።»

«እንግዲያው ተዪው ስልኩን። ስለ ስልክ አታስቢ በያት» አለችና ሳቀች። ጠበሉንም፣ መሻሉንም፣ መመለሱንም አባቴ ሳይሆን እኔ ነበርኩ የነገርኳት። ስዋሽ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

የሰማንያው ተዝካር ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት አክስቴ ስለ ድግሱ ሊመክሩ መጡ። እኔ፣ አባቴና እሳቸው ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። የማናውቃት ሴት ናት፤ ፊቷ የመንገድ ድካም አለበት፣ እጇ ላይ ትንሽ ካርቶን ይዛለች። ከእህቴ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ሰው ቤት ትሠራ እንደነበር፣ ትናንት እንደገባች ነገረችን። አክስቴን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ካርቶኑንም እጃቸው ላይ አኖረች።

«እናቷ እርስዎ ነዎት አይደል? እንኳን ጠበሉ አሻለዎት!» አለቻቸው። «የእርስዎ ስልክ ሥራ ማቆሙን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ይኸው፣ አዲስ ነው።»

ለሁሉ ነገር ፍርድ የማያጡት አክስቴ ካርቶኑን እንደታቀፉ ቀሩ። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ጥቁር ልብሳቸውን አየች። ከዚያ የእኔን አየች። ከዚያ የአባቴን።

«እናታችን አርፋለች» አልኳት። «እህቴ አልሰማችም።»

ሴትዮዋ አፏን በሻሿ ይዛ ተቀመጠች። «አሁን እየጠበቀች ነው» አለች። «ስልኩን እናቴ ይዛው ፎቶ አንሺና ላኪልኝ ብላኛለች። ቃል ገብቼላታለሁ።»

አባቴ ካርቶኑን ከአክስቴ እጅ ወሰደ። ላስቲኩን እንኳ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ ላጠውና ስልኩን አቀበለኝ። «የልጄ ነው፤ ክፈቺው» አለኝ። ከአሮጌው ሲም ካርዱን አውጥቼ አዲሱ ላይ ከተትኩ። በራ። ቁጭ ብለን አየነው። አክስቴ እጄን ያዙኝ። ያን የመሰለ ድምፅ ሲያወጡ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ልመና ነበር።

«ልጄ፣ ይሄም ይጠፋል በያት።»

ስልኩ ጠራ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አነሣሁት፤ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ተመስገን!» አለች፤ ሳቋ ቤቱን ሞላው። «በይ እንግዲህ፣ እማዬን ስጪኝ።»

ሁላችንም እንደ ልማዳችን ዓይናችንን ስልኩ ላይ ተክለን ጠበቅን። አልጠፋም።