ጣሪያ ላይ የወጣችው መኪና

«ጋሽ ጥላው» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በሚሠሩበት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ፎቶ ሲቀርብላቸው ሰላምታ እንኳን ሳይመልሱ «ጥላው የታለ?» ስለሚሉ ባልደረቦቻቸው የለጠፉባቸው ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ያልሠሩት ተአምር የለም፤ የሙሽራ ብጉር አጥፍተዋል፣ ለራሰ በራ ጠጉር አብቅለዋል፣ ከሞተ አምስት ዓመት ያለፈውን አባት ከነከረባቱ ልጁ ሰርግ ላይ አቁመዋል። ስልክ በየሰዉ እጅ ሲገባ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ኢንሹራንሱም ቅጥፈትን የሚያውቅ የቀጠፈ ነው ብሎ ይሁን አይታወቅም፣ «የምስል እውነተኛነት መርማሪ» የሚል ማዕረግ፣ አንድ አጉሊ መነጽርና መስኮት የሌለው ክፍል ሰጣቸው።

አንድ ሰኞ የመጣላቸው ፎቶ ግን ከወንበራቸው አስነሳቸው። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና የዳቦ ቤት ጣሪያ ላይ ጉብ ብላለች። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከሥራቸው «ትኩስ ዳቦ» የሚል ማስታወቂያ ይነበባል። ባለቤቷ አዋላጅ ነርስ ናት። ማመልከቻዋ ሁለት መስመር ነው፦ «ላይኛው መንገድ ዳር አቁሜያት ሄድኩ። ስመለስ ጣሪያ ላይ አገኘኋት።»

«ይቺ መኪና ናት ወይስ ርግብ?» አሉ ጋሽ ጥላው። ሳቃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አራት ገጽ ሪፖርት ጽፈው ጨረሱ። «መኪናዋ ጥላ የላትም። መስታወቷ አልተሰነጠቀም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥሯ ሰዎች ተሰልፈው ዳቦ ይገዛሉ። አናቱ ላይ መኪና ተንጠልጥሎ ዳቦ የሚገዛ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ፎቶው የተቀነባበረ ነው።» ሥራ አስኪያጁ ፈረሙበት፤ ማኅተም አረፈበት። እዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ነገር ሁሉ እውነት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አዋላጇ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች።

«ጋሼ፣ ውሸታም ያሉኝ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ፎቶው ነው የኔ ልጅ።»

«መኪናዬ እስካሁን እዚያው ናት። በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይምጡና ይዩ።»

«ለባለሙያ ፎቶው ይበቃል። ዓይን ይሳሳታል።»

«አሁን መንታ አዋልጄ ነው የመጣሁት» አለች። «እናትየዋን ጥላቸውን ካላየሁ አላምንም ብያት ቢሆን ይኼኔ እያማጠች ነበር።» በሩን ወርውራው ወጣች።

ጋሽ ጥላው ምሳው አልወርድ አላቸው። «እግሬን ላፍታታ» ብለው ራሳቸውን እየሸነገሉ ወጡ። ላይኛው መንገድ ሲደርሱ ነገሩ ገባቸው። ሰፈሩ ቁልቁለት ላይ ስለተሠራ የታችኞቹ ቤቶች ጣሪያ ከመንገዱ ጋር እኩል ነው። መኪናዋ የእጅ ፍሬኗ ለቆ ኖሮ ተንሸራታ ሄዳ ሲሚንቶው ጣሪያ ላይ ዘና ብላ ተቀምጣለች። ሰማዩ ደመና ነው፤ የራሳቸውም ጥላ አይታይም።

ወደ ዳቦ ቤቱ ወረዱ። ሰልፉ ረጅም ነው።

«አትፈሩም እንዴ?» ብለው ሰልፉ ላይ ያለች አንዲት ሴትዮን ጠየቁ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ያልወደቀች ዛሬ በእኔ ተራ ትወድቃለች? ይልቅ ተራዬን ሳይወስዱብኝ ገለል ይበሉ አባባ።»

ገለል አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ውሸት ሠርተው ሲሰጡ ሰው በደስታ እያለቀሰ ተቀብሏቸዋል፤ እውነት በራሷ እግር ብትመጣ ግን እርሳቸው በር ዘጉባት። በስልካቸው ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንስተው እያለከለኩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶዎቹን ረጋ ብለው አዩ። «ጋሽ ጥላው፣ እጅዎ አሁንም አልሞተም። አሳምረው ነው የሠሩት።»

«አልሠራሁትም! በዓይኔ አይቼ ያነሳሁት ነው።»

«እርስዎ እኮ ሙት አባት ሰርግ ያስታደሙ ሰው ነዎት።»

«እንግዲያው ይምጡና ይዩ።»

«እኔ በግሌ ባይ ምን ዋጋ አለው? ኮሚቴ ይየው።»

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ጸሐፊ መረጡ። በሁለተኛው «ጣሪያ ላይ» ሲባል ግማሽ ጎኗ አየር ላይ የሆነችውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም በሚለው ተከራከሩ። በሦስተኛው መኪና ይመደብልን አሉ፤ ሹፌሩ ግን የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። በእግር እንሂድ ያለ አልተገኘም። በአሥረኛው ቀን ክሬን መጥቶ መኪናዋን አወረዳት። በአሥራ ሁለተኛው ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ አንገቱ እስኪደነዝዝ አንጋጦ፣ ቃለ ጉባኤ ያዘ፦ «በአካል ተገኝተን ባደረግነው ማጣራት ጣሪያው ላይ ምንም ዓይነት መኪና አላገኘንም። የመርማሪው ሪፖርት ትክክል ነው።»

ለጋሽ ጥላው የምስጋና ሰርተፍኬት ተዘጋጀ። አዳራሹ መድረክ ላይ ሲጠሩ «ሪፖርቴ ስህተት ነው! መኪናዋን በዓይኔ አይቻታለሁ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «አቤት ትሕትና!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ቤታቸው ሲገቡ ሚስታቸው ሰርተፍኬቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ የልጅቷን ጉዳይ አጉል አስረኸዋልና ራስህ ፍታው።»

በማግስቱ ጋሽ ጥላው አዋላጇን ፈልገው አገኟት። የዳቦ ጋጋሪውን፣ የክሬን ሠራተኛውንና የዚያችን የሰልፍ ሴትዮ ቃል አስፈርመው፣ ከሁሉም በፊት የራሳቸውን ጨምረው፣ አብረዋት ፍርድ ቤት ሄዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቺኛዋ ሰባት ወር አደረች። ተፈረደላት። ጋሽ ጥላው ደግሞ «የገዛ ሙያቸውን በመቃወማቸው» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዟቸው ሱቅ ጥግ ተጠልለው ሳለ ሰማያዊዋ መኪና አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ይግቡ ላድርስዎ።»

ጎንበስ ብለው ውስጧን አዩ። «የእጅ ፍሬኗ ተሠራ?»

«ከሞላ ጎደል» አለች አዋላጇ።

ጋሽ ጥላው ዝናቡን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ገብተው ቀበቶውን ሁለቴ ስበው አሰሩ።