እሁድ እሁድ የሚቋረጠው ዋይፋይ

እናቴ በሞተች በሳምንቱ፣ ድንኳኑ እንደተነሳ፣ ኮምፒውተሩን ከቦታው አዛወርኩት። ቡራዩ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው፣ ካሜራው ትልቁን ግድግዳ በሚያይበት በኩል ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ የእናቴ ፎቶ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ተሰቅሏል። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ግን የእናታችንን መሞት አልሰማችም። እሁድ በቪዲዮ ስትደውል ያን ፎቶ ማየት የለባትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወደ መስኮቱ ጥግ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚያየው እኔን፣ ከኋላዬ ደግሞ አባቴ የሚቀመጥበትን ሶፋና ዋይፋዩ ያለበትን ቡፌ ሆነ።

ያልነገርናት ጨክነን አይደለም። ሐሳቡን ያመጡት ጎረቤታችን፣ የእድራችን ሰብሳቢ የሆኑት ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶው ላይ አባቴን በኦሮምኛ «ጀባዱ»፣ በአማርኛ «አይዞህ» እያሉ አጠገቡ ሲቀመጡ ሰንብተው፣ እኔ ስልኬን ይዤ «ልንገራት እንዴ?» ብዬ ስጠይቅ እጄን ያዙኝ።

«ብቻዋን፣ ሰው አገር፣ ሰው ቤት፣ በስልክ ትስማ? ሂንታኡ! አይሆንም። ስትወድቅ ማን ያነሳታል? መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዟት ነው የሚነገራት።»

እውነታቸውን ነበር። እህቴ የምትደውለው እሁድ ከሰዓት፣ አሠሪዋ ስትተኛ፣ ከኩሽናው አጠገብ ካለች ጠባብ ክፍሏ ሆና ነው። ብትጮህ ሰሚ የላትም። እዚያው ከተማ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች አሉ፤ አንደኛዋን አገኘናት። አሠሪዋ ሙሉ ቀን የምትፈቅድላት ለበዓል ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቀን ቤቴ ጠርቻት፣ ጓደኞቿን ሰብስቤ እነግራታለሁ አለችን። እስከዚያ ድረስ እኛ መዋሸት ነበረብን።

ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። «እማዬ ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም» አልኳት። እናቴ በየዓመቱ ጸበል ትገባ ስለነበር እህቴ በመጀመሪያው እሁድ አልተጠራጠረችም። ከመደወሏ በፊት ጥቁሩን ሻሼን ፈትቼ፣ በጥቁሩ ቀሚሴ ላይ ቀይ ሹራብ እደርባለሁ። አባቴንም ጥቁር ኮቱን አስወልቄ ግራጫውን አለብሰዋለሁ። እጁን እንደ ሕፃን ወደ እጅጌው ሲያስገባ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ለእናቴ የለበስነውን ሐዘን እሁድ እሁድ እያወለቅን እንስቅ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መቋረጡ የጀመረው በሁለተኛው እሁድ ነው። እህቴ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራችኝና «እማዬስ? ከጸበል አልወጣችም?» አለች። አፌን ስከፍት ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። «ሄሎ? ሄሎ?» አልኩ። ኮምፒውተሩ ግንኙነት የለም አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፣ እሷ ግን የስልክ ሰዓቷ አልቆ ነበር።

እኔ የተበላሸ ነገር እያየሁ መቀመጥ የማልችል ሴት ነኝ። የቤታችንን ፊውዝ የምቀይረው፣ የቲቪውን ዲሽ የማዞረው እኔ ነኝ፤ እናቴ «ይቺ ልጅ እልኋ ከመፍቻ ጋር ነው የተወለደው» ትለኝ ነበር። በዚያ ላይ ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፍቶ ከቀረ እህቴ መጠርጠሯ አይቀርም። ጠርጥራ ለሌላ ሰው ብትደውል፣ ያ ሰው ሳያስብ «ነፍስ ይማር» ቢላትስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነበር።

መጀመሪያ ጥፋተኛ ያደረግኩት ራሴን ነው። ኮምፒውተሩን ከዋይፋዩ ያራቅኩት እኔ ነኝ። ዋይፋዩን እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አልብሳው ነበር፤ አየር ያሳጣዋል፣ ያግለዋል ብዬ ገፈፍኩት። ዳንቴሉን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ዋይፋዩን ከቡፌው መስታወት ፊት አንስቼ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል አስረስቼ እንደገና አስገባሁ። የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ተጨናንቆ አገኘሁትና የእኛን ወደ ሌላ ቀየርኩት። መስመር የሚፈትሹ ሰዎችም ጠርቼ አዩት፤ «መስመራችሁ ጤነኛ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ሰኞም ማክሰኞም ሥራዬን ቁጭ ብዬ ስሠራ አንድም ጊዜ አይቋረጥም። በልቤ ተመስገን አልኩ።

እሁድ መጣ። እህቴ ደወለች፣ ሳቀች፣ ከዚያ «እማዬን ጥሩልኝ እስቲ፣ ጸበልተኛ ሁሉ ስልክ ይዞ የለም እንዴ?» አለች። ተቋረጠ።

እየተሳደብኩ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ወደ ዋይፋዩ ስሄድ መብራቶቹ አንድ በአንድ እየበሩ ነበር፤ ገና አሁን እንደተነሳ። ኃይል እየተቆራረጠበት ነው አልኩና በማግስቱ አዲስ አበባ ወርጄ አዲስ አዳፕተር አመጣሁ። ስሰካ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። «ይሠራ ይሆን?» አለኝ። «አሁንማ ካልሠራ ከገፈርሳ ግድብ ነው የምጨምረው» አልኩት። ፈገግ አላለም።

በሚቀጥለው እሁድ እህቴ እንደተለመደው ጨዋታ ጀመረች፤ ፊቷ ግን የጨዋታ ፊት አልነበረም። «እማዬ...» ከማለቷ ስክሪኑ ደረቀ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን አልነካሁም። አዳፕተሩ ሲጠፋ በዓይኔ ለማየት ስል ከወንበሬ ጋር ዞርኩ።

አባቴ ቡፌው ሥር ተንበርክኳል። የዋይፋዩ መሰኪያ እጁ ላይ ነው።

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ስንከራተት አጠገቤ ተቀምጦ ያየኝ ነበር!

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

ለመነሳት ቡፌውን ተደገፈ፣ አልቻለም፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አሁን ወደ እኔ ልትዞር ነው» አለ። «አንቺን ጠይቃ ስታበቃ 'አባዬ፣ እውነት ደህና ናት?' ልትለኝ ነው። መኝታ ቤት ብገባ የት ሄደ ትላለች። ብቀመጥ ፊቴን ታየዋለች። እኔ እንዳንቺ አልችልበትም፣ ልጄ።»

ሊሰድበኝ ብሎ አልነበረም፤ እንደ ጉብዝና ቆጥሮልኝ ነው። እኔ ግን ሹራቤን አወለቅኩና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነበር። በለቅሶው ሰሞን እሱ ወንዶቹ መሃል፣ እኔ ሴቶቹ መሃል ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ዋይፋይ ስጠግን ነበር።

መሰኪያውን መልሼ ሰካሁትና ለእህቴ «ዝናብ ነው፣ መብራት ይሄዳል» ብዬ ጻፍኩላት። «እሺ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቴ ምንም አልጻፈችም።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ጎረቤታችን ከነባለቤታቸው በጠዋት መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ያን ቀን ማንም ልብሱን አልቀየረም። ኮምፒውተሩን ወደ ድሮ ቦታው መለስኩት፤ ካሜራው ፎቶውን ያየዋል። ቤሩት ያለችው መርዶ ነጋሪዋ «ነግረናታል፣ ይዘናታል» ብላ ላከችልን፤ ቀጥሎ የቪዲዮው ጥሪ ጮኸ።

እህቴ ምንጣፍ ላይ ናት። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። «እማዬን! እማዬን!» ትላለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ሴቶቹ እጇን ይይዛሉ። እኔም ካሜራው ፊት የማደርገውን አጣሁ። ለቅሶዋ ትንሽ ጋብ ሲል አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። ጥቁሩን ኮቱን፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ ያለችውን እናቷን አየች።

«አባዬ፣» አለች፣ «ዛሬ አትንቀለው።»

ያኔ ነው የገባኝ። በየእሁዱ እኔ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ስታገል፣ እህቴ ከትከሻዬ በላይ አባታችን ከሶፋው ሲነሳ፣ ወደ ቡፌው ሲያጎነብስ ታየው ነበር። ከዚያ ይጨልምባታል። ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ያን ያህል የደከምንላትን ነገር፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ብቻዋን ስታውቀው ከርማለች።

አባቴ «አልነቅልም፣ ልጄ» አለና ተነሳ። ሄዶ ቡፌው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ መሰኪያውን ሰው እንዳይነካው በመዳፉ ከግድግዳው ጋር ያዘው። ጎረቤታችን «ተው፣ ወንበር ላይ ሁን» ቢሉት አልሰማም። እኔ ወንበሩ ላይ ተመለስኩ።

«ካወቅሽ ለምን ጥሩልኝ ትይ ነበር?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም፤ ምናልባት ውሸቴ አሳፍሮኝ ይሆናል።

እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«አንድ እሁድ ሳይነቅለው ቀርቶ እማዬ ትመጣ እንደሆነ ብዬ» አለች።

አባቴ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ፤ እጁን ግን ከመሰኪያው ላይ አላነሳም።