ትንሿ ጣቴ የደነዘዘች ጊዜ

መጀመሪያ የደነዘዘችው የግራ እጄ ትንሿ ጣት ናት። ለተማሪዎቼ ስኬል፣ የድምፅ መሰላሉን፣ እየተጫወትኩ ሳሳያቸው፣ ጣቴ ክሩ ላይ ማረፏን በጆሮዬ እንጂ በቆዳዬ አላወቅሁም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዳማ ውስጥ ልጆች ቫዮሊን አስተምራለሁ። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኦርኬስትራ ለመግባት እፈተናለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የሙዚቃ ክፍል ቫዮሊን ከያዝኩበት ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የተመኘሁት ይህንን ነው።

እናቴ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። "ብርድ ነው የመታሽ! ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ከፍተሽ እየተቀመጥሽ" አለች። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን፣ ተማርኩ ባይዋ፣ አመንኳት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌ ነው። ብርድ ከሆነ ሐኪም ቤት አልሄድም፤ ካልሄድኩ ደግሞ ልምምድ አቁሚ የሚለኝ የለም። ማታ ማታ እናቴ ብርዱ የገባው በክርንሽ ነው ብላ፣ ክርኔን እንደታጠፈ በሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ፣ በፋሻ ጥብቅ አድርጋ ታስርልኝና ደረቴ ላይ አቅፌው እተኛለሁ። ሲነጋ ፈትቼ ለአምስት ሰዓት ያህል እለማመዳለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የቀለበት ጣቴም ደነዘዘ። እናቴ አሁን ወለምታ ነው ብላ አርሲ ነገሌ ወዳሉ አንድ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሊያሹኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ፋሻውን ፈቱ፣ ክርኔን ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ አጥንት አይደለም። እኔ ከነካሁት አበላሸዋለሁ። ሐኪም ቤት ሂጂ። ይሄንን ጨርቅም ሁለተኛ እንዳታስሪው።"

ሐኪም ቤት ኒውሮሎጂስቱ፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ ወረቀት ሰጡኝ። በትንሿና በቀለበት ጣቴ መሃል እንድይዘው ነገሩኝ። ያዝኩ። ሳቡት። ወጣ። እንደገና ሞከርን። ወጣ።

"አልናር ነርቭ ይባላል" አሉኝ። "በክርንሽ በኩል ነው የሚያልፈው። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል። ቀን በቫዮሊን ይታጠፋል። ስትተኚስ?"

ስለ ፋሻው ነገርኳቸው። እናቴ ወለሉን አየች።

"ሦስት ወር ቫዮሊን አትነኪም። ጡንቻው መሳሳት ጀምሯል። ካልተሻለሽ ቀዶ ጥገና እናስባለን።"

"ከዚያ በኋላ እጫወታለሁ?"

"ቃል አልገባልሽም።"

ፈተናው አለፈኝ። በዚያን ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ቫዮሊኑን ማየት አስጠላኝ። እናቴ በር ላይ ቆማ "ይቅር በይኝ" አለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ስተኛ ክርኔ እንዳይታጠፍ የሚይዝ ስፕሊንት አደረግሁ። እናቴም የሐኪም ቤቱ ፊዚዮቴራፒስት ያሳየችንን የነርቭ እንቅስቃሴ ከእኔ በላይ አጥንታው፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ፊት ለፊቴ ቆማ "ቀስ፣ አታስገድጂው" እያለች ታሠራኝ ጀመር። በአሥረኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ ትንሿ ጣቴን ፈጃት። "እማዬ፣ አቃጠለኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ቀዶ ጥገናው ቀረ። ወደ ቫዮሊን የተመለስኩት በቀን አምስት ደቂቃ በመጫወት ነው፤ በዓመቱ ተፈትኜ አለፍኩና ዛሬ በኦርኬስትራው የሁለተኛ ቫዮሊኖች የመጨረሻ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ትንሿ ጣቴ አሁንም ሲደክማት ትዘገያለች።

ቫዮሊን የምትጫወቱም ሆናችሁ የልብስ ስፌት መኪና ላይ የምትውሉ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ ከሰነበተ ብርድ ነው ብላችሁ በፋሻ አትሰሩት። የሚመረምራችሁ ሰው ዘንድ ሂዱ። አቁሙ ትባሉ ይሆናል፤ እኔም የሸሸሁት እሱን ነበር።

ሐኪሜን፣ ፊዚዮቴራፒስቷንና እናቴን አመሰግናለሁ። ወጌሻውን ለማመስገን ግን ቫዮሊኔን ይዤ አርሲ ነገሌ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ አንድ ረጅም ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩላቸው። ስጨርስ እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው።

"ዜማውን እንኳ አላዳመጥኩም" አሉኝ። "እጅሽን ነበር የማየው። ደህና ነው።"